ሦስት መሮና አንድ ቁራጭ መስታወት

መሮ ሊገዛ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚሠራውን ዕቃ ቢወስን ገንዘቡ ይተርፈዋል። እኔ ያሰብኩት የዋንዛ በርጩማ ነበር፤ ያለ ሚስማር፣ በምላስና በቀዳዳ (የአንዱ እንጨት ቀጭን ጫፍ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ) ተገጣጥሞ የሚቆም። የእግሩ ውፍረት 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀዳዳው የእንጨቱን ውፍረት ሲሶ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው ይባላል፤ ያ ደግሞ 13 ሚሊ ገደማ ነው። ስለዚህ ዋናው መሮዬ ባለ 12 ሚሊ ስፋት ሆነ። ምላሱን አስተካክሎ ለመላጥ ባለ 25 ሚሊ፣ ለማዕዘንና ለቀጭን ሥራ ባለ 6 ሚሊ ጨመርኩ። በቃ፣ ሦስት።

ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ሁሉ ተወዷል። መርካቶ ውስጥ በላስቲክ ቦርሳ የታሸጉ ስድስት ስድስት መሮዎች ዓይን ይስባሉ፤ ለአንዱ ሲካፈልም ርካሽ ይመስላሉ። ግን ግማሾቹን ለዓመት የማልነካቸው ከሆነ ምን ይጠቅመኛል? ከያዝኩት ገንዘብ ግማሹን ለስለት ማውጫ ዕቃ አስቀምጬ በቀረው ሦስቱን በነጠላ ለመግዛት ወሰንኩ። በጀቱ ለጠበበ ሰው ከዚህ የተሻለ አከፋፈል አላየሁም።

ምናለሽ ተራንም አይቻለሁ። እዚያ ከአሮጌ ብረት የተቀጠቀጠ መሮ ይገኛል፤ ከውጭ ከመጣው የሚበልጥም አለው። ቁም ነገሩ ብረቱ ከምን እንደመጣ ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ከሆነ ካርቦኑ በቂ ስለሆነ በደንብ ሲጠነክር ስለት ይይዛል። የግንባታ ፌሮ ከሆነ ግን ቢያብረቀርቅም ከጥቂት ምት በኋላ ጫፉ ይተኛል። ሻጩን «ወንድሜ፣ ከምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ቀጥዬ አስፈቅጄ በትንሽ ሞረድ ከጫፉ አጠገብ ጎኑን ቀስ ብዬ እነካዋለሁ። ሞረዱ ነክሶ ዱቄት ካወጣ ብረቱ ለስላሳ ነው። እየተንሸራተተ ካለፈና ድምፁ ቀጠን ካለ ጠንክሯል ማለት ነው። ባለ 12ቱን የገዛሁት በዚህ መንገድ ነው፤ ዛሬም ከሦስቱ የምወደው እሱን ነው። ሁለቱን ግን «ክሮም ቫናዲየም» የሚል የብረት ዓይነት ስም ከተቀረጸባቸው የውጭ ዕቃዎች መረጥኩ።

ሲመረጥ ከካርቶኑ ውስጥ ብዙ አስወጥቶ ማወዳደር ነውር የለውም። የኪስ ማስመሪያ ይዤ ሄጄ በመሮው ጀርባ፣ ማለትም በጠፍጣፋው ገጽ፣ ላይ በቁሙ አሳርፌ ወደ ብርሃን አየሁት። መሐሉ ትንሽ የጎደጎደ ችግር የለውም፤ መሐሉ ያበጠ ግን ለማስተካከል ዕድሜ ይፈጃል፣ እሱን መተው ነው። እጀታውና ብረቱ በአንድ መስመር መሆናቸውንም በአንድ ዓይን ተመለከትኩ። የፕላስቲክ እጀታ አይናቅም፤ መዶሻ ይችላል።

የሰፈራችን አናጢ ተግባረ እድ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። መሮዎቹን ሳሳያቸው ስለቱን ሳያዩ ገለበጡና «ልጄ፣ ጀርባው ሳይስተካከል ፊቱን ብትስል ምን ዋጋ አለው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለት የሚባለው ሁለት ገጽ የሚገናኙበት መስመር ስለሆነ አንዱ ሸካራ ከሆነ ሌላው ቢያበራ አይቆርጥም።

ስለዚህ የተቀመጠው ግማሽ ገንዘብ ሥራ ጀመረ። ከመስታወት ቤት ወፍራም ቁራጭ መስታወት አስቆረጥኩ፤ ተራርፎ ከሚቀረው ስለሚሰጡ ብዙ አያስወጣም። በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት ከ240 ጀምሮ በ400 እና በ1000 አልፎ እስከ 2000 ገዛሁ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ወረቀቱ ይለሰልሳል። ወረቀቱን አርጥቦ መስታወቱ ላይ መለጠፍ ነው፤ ሙጫ አይፈልግም። ጀርባውን በማርከር አጠቁሬ አሸሁት፤ ቀለሙ ያልለቀቀበት ቦታ ገና አልተነካም ማለት ነው። ደግሞም ሙሉው ርዝመት አያስፈልግም፤ ከጫፉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከተስተካከለ ይበቃል። ክንድ ያደክማል፣ ግን በመሮው ዕድሜ አንድ ጊዜ የሚሠራ ነው።

ፊቱን፣ ማለትም ተዳፋት ያለውን ገጽ፣ 25 ዲግሪ ላይ አውርጄ የመጨረሻዋን ጫፍ ብቻ ወደ 30 ከፍ አደረግኳት። መለኪያ ለሌለው ቀላል ዘዴ አለ፦ የተዳፋቱ ርዝመት ከብረቱ ውፍረት እጥፍ ከሆነ 30 ዲግሪ ነው፤ ሁለት እጥፍ ተኩል ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው 25 ነው። በጀርባው በኩል ጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ቀጭን ጠርዝ እስኪመጣ ማሸት፣ ከዚያ ገልብጦ ያንን ማንሳት። በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዮች ምላጫቸውን እንደሚያደርጉት ቆዳ ላይ ወደ ኋላ ብቻ መጎተት። በኤሌክትሪክ ድንጋይ የሚስል ሰው ግን ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ይንከረው፤ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል።

መሞከሪያዬ የዝግባ ቁራጭ ነው፤ ጫፉን፣ ማለትም የቃጫው መቆረጫ ያለበትን በኩል፣ በእጅ ግፊት ብቻ እላጠዋለሁ። መሮው ከተሳለ እንጨቱ እንደ ተወለወለ ያበራል፤ ካልተሳለ ቃጫው ተጨፍልቆ ነጭ ነጭ ይሆናል። ሁለቱም እጆቼ ሁልጊዜ ከስለቱ በስተኋላ ናቸው።

በርጩማው ቆሟል። ቀጥዬ መሳቢያ ልሠራ ስላሰብኩ ባለ 18 ሚሊ እገዛለሁ፤ እሱንም በነጠላ። እስከዚያው ክረምቱ ስለገባ ሦስቱንም ከሥራ በኋላ በስፌት መኪና ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርጌ ነው የማስቀምጣቸው፤ የአዲስ አበባ ሐምሌ ብረት ቶሎ ያዝጋል።