ሊማሊሞን የሚወርድ የፍሬን ሸራ

ሰሞኑን ሁለት ሰዎች ስለ ፍሬን ሸራ ጠየቁኝ። አንዱ ቪትዝ ገዝቶ መተማ ሊመላለስባት ነው። ሌላው ዝም ብሎ መኪና የሚወድ የሰፈሬ ልጅ ነው፣ "የእሽቅድምድም ሸራ ላስገባባት?" ይለኛል። ለሁለቱም በስልክ ከምለፈልፍ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረኝ ሊማሊሞ ላይ ነው። አሮጌ ኮሮላ አለችኝ፣ ፍሬኗ ከፊት ዲስክ ከኋላ ታምቡር ነው። አራት ሰውና አንድ ጆንያ ገብስ ይዘን ከደባርቅ ወደ አዲአርቃይ እየወረድን ነበር። መንገዱን የወረደ ያውቀዋል፤ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው፣ ከመታጠፊያ መታጠፊያ እያለ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወስድ ነው። እኔ ብልጡ ደግሞ ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ማርሽ አውጥቼ ሊብሮ ላይ አድርጌ፣ ፍሬን ነካ እያደረግሁ እወርዳለሁ። ግማሽ ላይ የሆነ ነገር ሲቃጠል ሸተተን። ከኋላ የተቀመጡት "ከሰል የሚያከስሉ ይሆናሉ" አሉ። ቀጥሎ በመጣው መታጠፊያ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደርቋል፣ መኪናዋ ግን ከቁብም አልቆጠረችኝ። በእጅ ፍሬንና በሁለተኛ ማርሽ ታግዬ እንደምንም ዳር ያዝኩ። ከቀኝ የፊት ጎማ ጭስ ይወጣል።

ጓደኛዬ ውሃ ሊደፋበት ሃይላንድ ይዞ ሲሮጥ ከኋላችን የቆመ የአይሱዙ ሹፌር ጮኸበት። "ተው አንተ ልጅ! ዲስኩን ልትሰነጥቀው ነው እንዴ?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረና "በስንተኛ ማርሽ ነበር የምትወርደው?" አለኝ። "በሊብሮ፣ ጋሼ" ስለው ራሱን ነቅንቆ ወደ መኪናው ተመለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆመን ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመለሰ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፣ "አሁን ይዟል" ብሎ ይረሳዋል። ጎንደር አዘዞ ጋራዥ ወስጄ ሲፈታ ግን የሸራው ፊት እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ጫፉን በጥፍሬ ስነካው ይፈረፈራል፣ ዲስኩ ላይም ሰማያዊ ጥላ ወጥቷል።

ምን ሆኖ ነው? ሸራው ዲስኩን ተጭኖ የሚይዘው፣ የተለያየ ዱቄትና ቃጫ በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ነገር ነው። ከአቅሙ በላይ ሲሞቅ ሙጫው መቃጠልና ጋዝ መልቀቅ ይጀምራል። ጋዙ ሸራውና ዲስኩ መሀል ይገባና መያዣ ያሳጣዋል። ሙቀቱን ደግሞ አትናቁት። አንድ ሺህ ሜትር በፍሬን ብቻ መውረድ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረረ ያለን መኪና 25 ጊዜ ያህል ከማቆም ጋር እኩል ጉልበት ነው። የመኪናው ክብደት ለውጥ አያመጣም፣ አስሉት። ማርሽ ላይ ከሆንክ ሞተሩ ከዚያ ላይ ጥሩ ድርሻ ያነሳልሃል። ሊብሮ ላይ ሁሉም ሸራው ላይ ያርፋል።

ወደ መግዛቱ ስንመጣ፣ መለዋወጫ ቤት ገብተህ "ጥሩ ሸራ" ብትል መልሱ አንድ ነው፦ "ኦርጅናል ነው።" ያቺ ሊማሊሞ ላይ የጨሰችውም ኦርጅናል ተብላ የተሸጠችልኝ ናት፣ የት እንደገዛኋት ይቅር። አሁን ሸራውን ከካርቶኑ አስወጥቼ ጠርዙንና ጀርባውን ነው የማነበው። እዚያ ከሚጻፈው ኮድ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። የመጀመሪያው በተለመደው ሙቀት፣ ሁለተኛው በጣም ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ኢ ማለት የመያዝ አቅሙ (የሰበቃ መጠኑ) ከ0.25 እስከ 0.35 ነው፣ ኤፍ እስከ 0.45፣ ጂ እስከ 0.55። ስለዚህ ኤፍ ኢ የሚል ካየህ ሲሞቅ ይደክማል ማለት ነው። እኔ ከኤፍ ኤፍ በታች አልገዛም። ፊደሎቹ ግን ሁሉንም አይነግሩህም፤ ፊደሎቹ የሚወጡበት ፈተና 340 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ያበቃል፣ ክፉ ቁልቁለት ደግሞ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ምንም ያልተጻፈበትን ግን በነጻ ቢሰጡህም አትቀበል።

ከዓይነቱ፣ ለእኛ ተራራ ብረት የተቀላቀለበትን እመርጣለሁ። ትንሽ ይጮሃል፣ ቸርኬ ያጠቁራል፣ ዲስክም ቶሎ ይበላል፣ ሙቀት ግን ይችላል። ሴራሚኩ ጸጥ ያለና ንጹሕ ነው፣ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ጥሩ። ስሙ ሴራሚክ ስለሆነ ብቻ ቁልቁለት ይችላል ማለት ግን አይደለም።

ለሰፈሬ ልጅ፦ የእሽቅድምድሙን ተወው። እሱ በደንብ የሚይዘው ከሞቀ በኋላ ነው። ጠዋት እዚሁ ጎንደር ከጎሃ ኮረብታ ቁልቁል ስትወርድ ወይ ፒያሳ ላይ ባጃጅ ድንገት ፊትህ ሲታጠፍ "ቆይ ልሙቅ" ይልሃል። ገንዘቡ ካለህ ለመንገድ መኪና ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ሸራ አለ፤ እነ ፌሮዶ፣ እነ ኢቢሲ የሚባሉ ሸራ አምራቾች ይሠራሉ። በነገራችን ላይ ፌሮዶን የመሠረተው ኸርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፣ በ1897 እ.ኤ.አ.። ገበሬዎች ቁልቁለት ላይ የጋሪ ጎማ በአሮጌ ጫማ ሲይዙ አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት ይባላል። እሱም ቁልቁለት ነው ያስጀመረው!

የፍሬን ዘይት እንዳትረሱ። የእኔ ፔዳል ደርቆ ነው እምቢ ያለው፣ ያ የሸራ ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሰመጠ ግን ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው፣ ያኔ የዓለም ምርጥ ሸራ አያድንህም። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲገባበት መስፈርቱ 155 ብቻ ነው። እኔ በየሁለት ዓመቱ አስቀይራለሁ። መካኒኩ "ገና ንጹሕ ነው እኮ" ቢልም። የኋላውን ታምቡርም አሳስረው፣ ከላላ ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል።

አዲሱን ሸራ ከአዘዞ ወጣ ብዬ መንገዱ ጭር ሲል አላመድኩት፣ ከ60 ወደ 10 እየቀነስኩ አሥር ጊዜ ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ሳላቆም፣ በመሀል እየነዳሁ አየር እንዲያገኝ። ከዚያ ሊማሊሞን ደገምኩት፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ እንጂ እንደ ድሮው ነካ ነካ የለም። ታች ስንደርስ ወርጄ እጄን ወደ ቸርኬው አስጠጋሁ። ይሞቃል፣ ሽታ ግን የለም። ባለ ቪትዙ፣ መተማ ከመውረድህ በፊት የሸራህን ጠርዝ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።