አሥር ሰከንድ አይሞላም

ዛሬ ምሳ ላይ ወሬውን ያነሳሁት እኔው ነኝ። ጋሪ ኮላ የሚባል የዲትሮይት ሰው አለ። ብረት ለማጠንከር ላሜራውን በሮለር እያስኬደ 1100 ዲግሪ በሚደርስ ነበልባል ያሳልፈዋል፣ ወዲያው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ውስጥ ይነክረዋል። ሁሉም ነገር አሥር ሰከንድ አይሞላም። በተለመደው አሠራር እኮ ብረቱ 900 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ይቆያል።

«እስኪ ተወኝ!» አለ አብሮኝ ብየዳ የሚሠራው ልጅ። ሌላው «ሸዋጅ ነው» ብሎ እንጀራውን ጠቀለለ። ውጤቱ ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

እኔም መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ስቄያለሁ። በኋላ ግን ልጅ ሳለሁ እናቴ ማጭድ አስይዛ የምትልከኝ ቀጥቃጭ ትዝ አሉኝና አፈርኩ። ወናፉን አቁመው የብረቱን ቀለም ያያሉ። ጫፉን ብቻ ውሃ ያስነኩታል፣ ያወጡታል፣ ቀለሙ ሲለወጥ ጠብቀው እንደገና ይነክሩታል። ማጭዳቸው አይዶለዱምም፣ አይሰበርምም። አገሩ ግን «ቡዳ ናቸው» ይል ነበር። ማጭዱን ይገዛል፣ ከእሳቸው ጋር ማዕድ አይቆርስም።

ያኔ በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ሱሬሽ ባቡም ስለ ኮላ ሲሰሙ ተጠራጥረው ነበር። ብረት ተጠንቶ ያለቀ ነገር ነው ብለው ያስቡ ስለነበር አልፈርድባቸውም። ልዩነቱ፣ እሳቸው ናሙናውን ላቦራቶሪ አስገቡት። በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ውጤት የኮላ ብረት በጥንካሬያቸው ከታወቁት ብረቶች በ7 በመቶ ጠንክሮ፣ 30 በመቶ የበለጠ ይለጠጣል የሚል ነው። ብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን በእኩል ለመሰራጨት ጊዜ ስለማያገኝ፣ የተለያየ ባሕርይ ያላቸው ጥቃቅን ክፍሎች ተደባልቀው ይቀራሉ።

«ለ7 ፐርሰንት ነው ይሄ ሁሉ?» አለ ልጁ። እኔን የገረመኝ መለጠጡ ነው። ጠንካራ ብረት ብዙ ጊዜ ግትር ነው። በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት የመሰርሰሪያ ጫፍ ቀጭ ብሎብኛል።

ማታ ልንዘጋ ስንል ቁራጭ የመኪና ባሌስትራ አግኝቼ በጋዝ ችቦ አጋልኩትና ባልዲ ውስጥ ነከርኩት። ከመጠንከሩ የተነሳ ሞረድ እንኳን አንሸራተተ። ደስ አለኝ። በመዶሻ ነካ ሳደርገው እንደ ብርጭቆ ለሁለት ተከፈለ።

ልጁ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። አልሳቀም።

«ስንት ሰከንድ አቆየኸው?» አለኝ።

አልቆጠርኩም።