መዋኘትን በምርጫ የተማሩ ፍጡራን
አሜሪካዊው የኮምፒውተር አርቲስት ካርል ሲምስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) በመጀመሪያ የተማረው የሕይወት ሳይንስን ነው፤ አኒሜሽኖቹን በተመለከትሁ ቁጥር ይህ ትምህርቱ ጎልቶ ይታየኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረበው ሥራ ከሣጥን መሰል አካላት የተገጣጠሙ ምናባዊ ፍጡራን ሲዋኙ፣ ሲራመዱ፣ ሲዘሉ፣ አንዲት ኩብ ለመያዝም ሲሻሙ ይታያሉ። እንቅስቃሴያቸውን ግን እርሱ በእጁ አልነደፈውም። የአካላቸውን ቅርጽና መገጣጠሚያዎቻቸውን የሚያዝዘውን ሥርዓት የሚወስነው መመሪያ፣ እንደ ዘረመል ሆኖ፣ መጀመሪያ በዘፈቀደ ይፈጠርና የፊዚክስ ሕግ በሚገዛው ምናባዊ ዓለም ውስጥ ይፈተናል፤ ከዚያም በፍጥነት የዋኙት ተመርጠው፣ መመሪያቸው በጥቂቱ እየተለወጠና እርስ በርሱ እየተዳቀለ፣ ቀጣዩን ትውልድ ያስገኛሉ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ ፍጡራኑ የሚያገኙት አቋራጭ ነው። በየብስ ላይ በፍጥነታቸው ብቻ ቢመረጡ ኖሮ፣ ቁመታቸውን አስረዝመው በመውደቅ ብቻ ከፍተኛ ፍጥነት ማስመዝገብ ይችሉ ነበር፤ ስለዚህ ሲምስ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ወድቀው እንዲረጋጉ አደረገ። (ዝግመተ ለውጥ የሚሸልመው የታሰበውን ሳይሆን የተለካውን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።)

ምስሎቹ በዛሬ ዓይን ሻካራ ናቸው፤ ቆዳም ፊትም የላቸውም። በእኔ አስተያየት ግን ጥንካሬያቸው እዚያው ላይ ነው፤ ተመልካቹን የሚያታልል ጌጥ ስለሌለ፣ ሕይወት ያለው የሚያስመስላቸው እንቅስቃሴያቸው ብቻ ነው። የሚያምር ቆዳ የለበሱ፣ ነገር ግን ክብደት የሌላቸው የሚመስሉ ብዙ የዛሬ አኒሜሽኖች ይህ ይጎድላቸዋል።