የቁልፍ ቅጭልጭልታ

ዛሬም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማንም አላስቀየመኝም፤ የጎደለብኝም ነገር የለም። ብቻ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ቁጭ ብዬ ስለ ድብርቴ ልጽፍ ነበር። ደብተሬ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው። መብራት ለማብራት ሰነፍኩና በጨለማ የቁልፍ ዘለላዬን አንስቼ ትንሿን ቁልፍ በጣቴ መፈለግ ጀመርኩ። ዘለላው ተቅጨለጨለ።

በቃ፣ ሐሳቤ እዚያው ጥሎኝ ሄደ። ሪዮ ገባ።

የሪዮ 2016 ፓራሊምፒክ፣ የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ ማለት ነው፣ ሜዳሊያዎቹ ድምፅ ነበራቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) በሆዳቸው ትንንሽ የብረት ኳሶች ነበሩ። ነሐሱ 16፣ ብሩ 20፣ ወርቁ 28። ማየት የተሳነው አትሌት ጆሮው ሥር አድርጎ ሲነቀንቀው የትኛውን እንዳገኘ ይለያል። የሚያየውም ይነቀንቀው ነበር፤ ደስ ይላላ! ሌላ ጊዜ ሜዳሊያ ለካሜራ ይነከሳል። ያን ጊዜ ግን መድረኩ ላይ ቆመው እንደ ሕፃን መጫወቻ ሲያቅጨለጭሉት ነበር።

ይህንን ለጓደኛዬ ለቲ የነገርኩት ቀን ትንሽ አሰብ አደረገና «ብር ያገኘው ሰው ያሳዝናል» አለኝ።

«ለምን?»

«የቀሩት 8 ኳሶች ይሰሙታላ።»

ቲ ዓይነ ስውር ነው፤ ስፖርት ላይ ደግሞ እኔን አሥር ጊዜ ያስከነዳኛል። የሪዮ መክፈቻ ሌሊት ደውሎ «ተርኪልኝ» አለኝ። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ አናዶታል። «ይህን ውብ ትዕይንት እየተመለከታችሁ ነው ይላል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። እኔ ምኑን ነው የምመለከተው?»

እኔም ቀላል መስሎኝ ጀመርኩ።

«መብራት አለ። በጣም ብዙ መብራት። አሁን ደግሞ ርችት…»

«ርችቱንማ ሰማሁት። ሌላስ?»

ሌላስ? አፌ ተያያዘ። የአትሌቶቹ ሰልፍ ሲገባ ተሻለኝ። የአገር ስም፣ ባንዲራ፣ የልብስ ቀለም። አንዱ በዊልቸር፣ አንዷ በክራንች፣ ሌላው የመሪውን ክንድ ይዞ። ደርድሬ ደርድሬ ስጨርስ «እሺ፣ ይስቃሉ?» አለኝ።

ይስቁ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሰዓት ሙሉ ያየሁት ባንዲራና ዊልቸር ነው። ፊታቸውን አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ፊት ፊት ሳይ ቆየሁ። ደግሞ እንዴት ይስቃሉ! አንዳንዱማ ስልኩን አውጥቶ ራሱን ይቀርፃል፣ ባንዲራው ተጣሞበታል፣ ግድም የለው። ለቲ ይህን ሁሉ ነገርኩት። እሱም ሳቀ።

ከዚያ ዝናብ መጣ። ችቦውን ማርሲያ ማልሳር ይዛ ገባች። በ1984 ለብራዚል በአትሌቲክስ ወርቅ ያመጣች ሯጭ ናት። አሁን በከዘራ፣ ቀስ እያለች። መሐል ላይ አዳለጣትና ወደቀች። ችቦውም ወደቀ። ደግፈው አነሷት፤ ችቦዋን ያዘች፤ ቀጠለች። ስታዲየሙ በጭብጨባ ተናወጠ።

እኔ ግን ዝም አልኩ።

«ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?» ይላል ቲ። «ምንድን ነው የሚያጨበጭቡት?»

እያለቀስኩ ነበር። መናገር አቃተኝ። በኋላ «ወደቀች፣ ከዚያ ተነሳች» አልኩት። «እና?» አለኝ። እና ምን? እና እንጃ!

ማሳረጊያው ዋናተኛው ክሎዶዋልዶ ሲልቫ ነበር። በዊልቸር ሆኖ ችቦውን ተቀበለና ወደ እሳቱ ሲያመራ ከፊቱ ደረጃ ገጠመው። ቆመ። እኔ በድጋሚ ልፈነዳ ነው። ከዚያ ደረጃው ተከፋፍቶ ዘንበል ያለ መወጣጫ ሆነለት። ወጣ፣ እሳቱን ለኮሰ። ይህንንስ በደንብ ተረክኩለት ብዬ ሙገሳ ስጠብቅ ቲ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ደረጃውን እነሱው ሠርተው እነሱው አፈረሱት። አንቺ አለቀስሽ።»

ተናደድኩበት። ነገሩ ምሳሌ ነው፣ ትርኢት ነው፣ አይገባህም አልኩት። እሱ እኮ የገባው ከእኔ በፊት ነው። እኔ እስከ ዛሬ አንድ ነገር አልገባኝም፦ ውድድሩን ሳይ አላለቅስም። ሲሮጡ እጮሃለሁ፣ ሲሸነፉ እሳደባለሁ፣ እንደ ማንኛውም ሩጫ። የማለቅሰው ሥነ ሥርዓቱ ላይ ነው። ችቦ፣ ባንዲራ፣ ሙዚቃ ሲሆን። ያ እንባ ምንድን ነው? አድናቆት ነው ስል ደስ ይለኛል። «ወይኔ ምስኪን» ቢሆንስ?

(በቅንፍ አንድ ነገር። መስማት የተሳናቸው አትሌቶች የራሳቸው ዓለም አቀፍ ጨዋታ አላቸው። ፓሪስ ላይ በ1924 ነው የተጀመረው፤ ከፓራሊምፒክ ይቀድማል። እዚያ የሚጨበጨበው እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ በማርገብገብ ነው። ያንን ለቲ እንዴት እተርክለታለሁ? «አሁን በጣም ጸጥ ብለው እያጨበጨቡ ነው» ልለው?)

የኦሊምፒክ እሳት ግሪክ አገር ከፀሐይ በመስታወት ይለኮሳል። ቀሚስ የለበሱ ሴቶች፣ የጥንት ፍርስራሽ፣ ምን የመሰለ ነገር። የፓሪስ 2024 ፓራሊምፒክ እሳት ግን የተለኮሰው እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ነው። ማለትም ሆስፒታል ባለበት መንደር። ከዚያ ከባሕር በታች በዋሻው አልፎ ፈረንሳይ ገባ። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን እዚያ ሆስፒታል 16 ሕሙማንን ቀስት ያወዳደረው ጁላይ 29 ቀን 1948 ነው። የለንደን ኦሊምፒክ የተከፈተው በዚያው ቀን ነው። የፓራሊምፒክ መነሻው ያ ውድድር ነው። እሳት ከሆስፒታል ሲነሳ ደስ ይለኛል። ከፀሐዩ ይልቅ ይህኛውን አምነዋለሁ።

ስቶክ ማንዴቪል ስል ደግሞ አበበ ቢቂላ ትዝ አለኝ። ሮምን በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ልክ በ8ኛው ቀን እዚያው ሮም ሌላ መክፈቻ ተደረገ፤ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል አትሌቶች በዊልቸር ተሰለፉ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው ይህ ነው። ያንን ሳምንት ደጋግሜ አስበዋለሁ። አበበ ያን ጊዜ የዓለም እግር ነው። በ1969 መኪናው ተገለበጠና እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ለሕክምና የተወሰደው ስቶክ ማንዴቪል ነው። በ1970 እዚያው በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ።

በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ደግሞ በክብር እንግድነት በዊልቸር ተገኘ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። እዚህ ላይ ነው ሁልጊዜ የምቆመው። ሕዝቡ የተነሳው ለማን ነው? ለሮሙ ሯጭ ነው ወይስ ለዊልቸሩ? ከመካከላቸው እንደ እኔ ያለቀሰ ነበር? እሱስ ከተቀመጠበት ሆኖ ያ ሁሉ ሰው ሲቆም ሲያይ ምን ተሰማው?

ቲን ጠይቄው ነበር። «እኔ ብሆን ቁጭ በሉ፣ ከኋላ ያለው ሰው አያይም እላቸው ነበር» አለኝ። ይቀልዳል። ይቀልድ ይሆን?

ፓሪስ ላይ ግን ሌላ ቲ ነው ያየሁት። የኢትዮጵያዊቷ ሯጭ የያየሽ ቀን። 1500 ሜትር፣ ዓይነ ስውራን የሚወዳደሩበት ምድብ። ክንዱ ከሚባለው መሪዋ ጋር እጅ ለእጅ በገመድ ታስረው የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ። አብረን ነበርን፤ ስተርክ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ቲ እየዘለለ «ስሟ ያየሽ ነው? እንዲህ ሮጣ ማን ያያታል!» ይላል።

በኋላ የሽልማቱ ሰዓት ደረሰ። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ባንዲራው እየወጣ ነው፣ እሷ እዚህ ጋ ናት፣ መሪዋም አጠገቧ ነው፣ አሁን ደግሞ…

«ዝም በይ» አለኝ።

መዝሙሩ ጀምሮ ነበር። ቲ ተነስቶ ቆሟል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እኔ አልተነሳሁም። ቁጭ ብዬ የሱን ፊት ሳይ ነበር። ይስቃል? አይስቅም። ያለቅሳል? አላለቀሰም። ለሰው ተርኪ ብባል ምን እንደምል አላውቅም። የገረመኝ ደግሞ የዚያን ቀን እኔም አለማልቀሴ ነው።

ይኸው ወፍ ተንጫጫ። ይህን ሁሉ በጨለማ በስልኬ ነው የጻፍኩት። ድብርቴ የት እንደሄደ አላውቅም፤ ምን ልጽፍበት እንደነበርም ረስቼዋለሁ። ትንሿን ቁልፍም አላገኘኋትም። ቅድም መሳቢያውን በብስጭት ሳብ ባደርገው ተከፈተ። አልተቆለፈም ነበር።