«አውትስታንዲንግ»፦ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ቃል

ቡሬ ላይ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነኝ። በሳምንት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዤ እሱኑ ማገላበጥ እንደጀመርኩ ባለፈው ነግሬያችሁ ነበር። ይሄኛው ግን ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ነገሩ የመጣው በደብዳቤ ነው። ከአበዳሪ የተላከ ወረቀት ላይ፣ ከማዳበሪያው ብድር ጎን «አውትስታንዲንግ» ይላል። እኔ ቃሉን የማውቀው ከተማሪነቴ የምስጋና ወረቀት ላይ ነው፤ «እጅግ የላቀ» ማለት። ሳልጠራጠር ለሊቀመንበራችን «ጋሼ፣ ብድራችን ተመስግኗል» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ አበዳሪ ባለዕዳውን ሲያመሰግን የት አየሽ? እስቲ ደግመሽ አንብቢው።» ለካ ውዝፍ ኖሯል።

መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ቃሉ «ውጭ» እና «መቆም» ከሚሉት የተሠራ ነው፤ ጥንት ከሌላው ወጣ ብሎ ለሚታይ ነገር ይውል ነበር። እሺ፣ ሙገሳው ገባኝ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ከሌሎቹ ተራሮች መሀል መደበቅ አይችልም፤ ጎልቶ ይቆማል። ዕዳውስ? እሱን የፈታልኝ መዝገበ ቃላቱ ሳይሆን የራሴ የሒሳብ መዝገብ ነው። እኛ ራሳችን «ገንዘቡ ገባ»፣ «የእሱ ገና አልገባም» እንል የለ? ያልገባው ውጭ ቆሟል ማለት ነው፤ ማታ ከብቶቹ ሁሉ በረት ገብተው አንዷ ላም ደጅ እንደቀረችው።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ሥራዬ ውስጥ በየቦታው ይታየኝ ጀመር። «አውትስታንዲንግ ቼክ» ጽፈን የሰጠነው፣ ተቀባዩ ግን ገና ባንክ ወስዶ ያልመነዘረው ቼክ ነው። የባንኩ ቁጥር ከእኛ መዝገብ በልጦ ስለሚታይ፣ ሁለቱን ስናስታርቅ ከባንኩ ላይ ይቀነሳል። (ይህን ሳላውቅ አንድ ወር መጨረሻ ላይ ግማሽ ቀን ልዩነት ስፈልግ ውያለሁ፤ ባታስታውሱኝ ደስ ይለኛል።) «አውትስታንዲንግ ሼር» ስትሰሙም ምርጥ አክሲዮን እንዳይመስላችሁ፤ ተሽጦ በባለአክሲዮኖች እጅ ያለ ማለት ነው።

እኔ የምለይበት ዘዴ ይኸው። ቃሉ ከገንዘቡ በኋላ ከመጣ ወይም «ሪሜይን» (ቀረ ማለት ነው) ከቀደመው፣ ያልተከፈለ ነው። ከሰው ፊት ከመጣ ሙገሳ ነው። ከ«ኢሹ» ፊት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ያልተቋጨ፣ በእንጥልጥል ያለ ጉዳይ ነው። ዩኔስኮ ቅርስ ሲመዘግብ የሚጠቀምበት ግን ንጹሕ ሙገሳ ነው፤ ጎረቤታችን የጎንደሩ ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመዘገበው በዚሁ ቃል ተመዝኖ ነው። አነጋገሩ ላይ ደግሞ ጫናው «ስታን» ላይ ነው፤ እኔ እስከ ቅርብ ጊዜ «አውት»ን ነበር የማጠብቀው።

ዘዴዬ የማይሠራበትም ቦታ አለ። ባለፈው ሳምንት ጡረታ ለሚወጡት የመጋዘን ኃላፊያችን የምስክር ወረቀት በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጀሁ። የእንግሊዝኛውን ጮክ ብዬ ሳነብ «አውትስታንዲንግ ኮንትሪቢውሽን» ስል ሊቀመንበሩ ቀና አሉ።

«ቆይ ቆይ፣ ያቺ ቃል መጣች። ኋለኛውስ ምን ማለት ነው?»

«አስተዋጽኦ፣ ጋሼ። መዋጮም ይሆናል።»

«ታዲያ ሰውዬው ያልከፈሉት መዋጮ አለባቸው እንዴ?»