ከፒያሳ ቬኔሲያ ሰገነት እስከ ሲኞራዋ መሳቢያ

ሮም የገባሁ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። የያዝኩት ማረፊያ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ተበላሽቷል። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ የቆሻሻ መኪና መጥቶ የጠርሙስ ክምር ሲገለብጥ ቤቱ የተናደ መስሎኝ ብድግ አልኩ። ጠዋት ልወጣ ስል ሰውየው "የከተማ ግብር" ብሎ ጥሬ ገንዘብ ተቀበለኝ። ደረሰኝ ስለው ማተሚያው ተበላሽቷል። ይሄማ ሰፈሬ ነው ብዬ ወጣሁ።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ "የአምስት መቶዎቹ" ይባላል። ራስ አሉላ በ1887 ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከራስ አሉላ የእጅ ሥራ ላይ መውረዴን ያወቅኩት ማታ ሳነብ ነው። (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፣ እንዳትምታቱ።)

ጣልያን ያመጣኝ ታላቅ እህቴን መጠየቅ ነው። ሚላን ውስጥ አንዲት ባልቴት ትጦራለች። አራት ቀን ቀድሜ ሮም የወረድኩት ግን ለገዛ አመሌ ነው። አንድ ፖለቲከኛ "እኔ ማለት ሕዝቡ ነኝ፣ እነዚያ ላይ የተቀመጡት ሌቦች ናቸው" ሲል ጆሮዬ ይቆማል። ፖፑሊዝም ይሉታል። በዚህ ጨዋታ ጣልያንን የሚስተካከል አገር ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ለኮሎሲየም ሲሰለፍ እኔ ሰገነት ፍለጋ ሄድኩ።

ሰገነቷ ትንሽ ናት። እውነቴን ነው። ፒያሳ ቬኔሲያ መሃሉ ለሜትሮ ተቆፍሮ ታጥሯል፤ በአጥሩ ላይ አንጋጥጬ ስፈልግ ሁለት ጊዜ አልፌያት ሄጃለሁ። የኮንዶሚኒየም በረንዳ በሏት፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ የሌላት። ሙሶሊኒ ጦሩ አዲስ አበባ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ሜይ 9 ቀን 1936፣ "ኢምፓየር አገኘን" ብሎ የለፈፈው እዚህች ላይ ቆሞ ነው። አደባባዩ በሰው ተሞልቶ ይጮህ ነበር። አያቴ በዚያ ሰሞን ጫካ ገብተዋል። ማታ ማታ የሙሶሊኒ ቢሮ መብራት ሳይጠፋ ያድር ነበር አሉ፣ ሕዝቡ "ዱቼ (መሪያችን ማለታቸው ነው) ለኛ ሲል አይተኛም" እንዲል። መብራት በማይሄድበት አገር እንዲህም ይቀለዳል።

ጎን ላይ ያ ነጭ የእብነ በረድ ተራራ የሚያክል ሐውልት አለ። ዲሴምበር 18 ቀን 1935 ንግሥት ኤሌና የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ የሰጠችው እዚያ ደረጃ ላይ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ጣልያን እኛን ስለወረረች ማዕቀብ ጥሎባት ነበር፤ ዱቼም "ወርቅ ለአገር" አለ። ሴቶቹ ከንግሥቲቱ ኋላ ተሰለፉ። ወርቁን ለሰጠች የብረት ቀለበት ይሰጣት ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ልል ስል ጠባቂዋ ፊሽካ ነፋችብኝ። መቀመጥ ክልክል ነው።

እግሬ ዝሎ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ማኪያቶ 5 ዩሮ ተኩል። አጠገቤ ቆሞ የጠጣው ሰው 1 ከ30 ነው የከፈለው። ባንኮኒ የሚለውን ቃል ያስተማሩን እነሱ ናቸው፤ ባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣት እንደሚያዋጣ ግን ሳይነግሩን ሄዱ።

ከዚያ ወደ ፒያሳ ናቮና። ጥግ ላይ ፊቱ የተፋቀ፣ እጅ የሌለው ሐውልት ቆሟል፣ ፓስኩዊኖ ይሉታል። ከ1500ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡ በጳጳሳቱ ላይ የሚያሾፍበትን ግጥም በሌሊት ይለጥፍበታል። ዛሬም ወረቀት አላጣም። ያኔ አዝማሪ ቢኖራቸው ድንጋዩ ባረፈ ነበር።

ከሱ ጥቂት እርምጃ ራፋኤል ሆቴል አለ፣ ሐረግ የለበሰ ቆንጆ ቤት። ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ማታ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቤቲኖ ክራክሲ ከዚህ በር ሲወጣ የሳንቲም ናዳ ወረደበት። ዋዜማውን ፓርላማው በሙስና እንዳይከሰስ አድኖት ነበር። ሕዝቡ ሺህ ሊሬ እያውለበለበ "ይሄንንም ትፈልጋለህ?" እያለ ዘፈነበት። ቪዲዮውን በሩ ላይ ቆሜ በስልኬ አየሁት። ሰዎቹ ደስ ብሏቸዋል፣ ሠርግ ቤት ይመስላል። በዓመቱ ማንን መረጡ? ክራክሲ በ1984 በአዋጅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹን ያተረፈለትን ባለሀብት ወዳጁን፣ ቤርሉስኮኒን።

ናፖሊ በባቡር ሰዓት ከሩብ አይሞላም። እዚያ ግን ጉድ ሆንኩ። ፒያሳ ሜርካቶ ሳልደርስ የግራ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ እንደ አዞ አፉን ከፈተ። እየጎተትኩ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጫማ ሰፊ አገኘሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ አፋቸው ሚስማር ይዟል። ጫማዬን አገላብጠው አዩና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ እንደ መርካቶ ሰው። ከየት ነህ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስል ዝም አሉ፤ ቀጥሎ "አበበ ቢቂላ! እሱ ጫማ አላስፈለገውም" ብለው ሳቁብኝ።

ሶሉ ማስቲሽ ጠጥቶ እስኪደርቅ ወሬ ጀመሩ፣ ግማሹ በእጅ፣ ግማሹ በስልክ ተርጓሚ። በሃምሳዎቹ ከንቲባ ስለነበረው የመርከብ ባለሀብት፣ አኪሌ ላውሮ። ለድሃው ፓስታ ያድል ነበር። ከምርጫ በፊት አንድ እግር ጫማ ይሰጥሃል፣ ካሸነፈ በኋላ ሌላውን። እንዲህ ነው ከተማው የሚያወራው። ታዲያ ይጠሉት እንደሆነ ስጠይቅ ሽማግሌው ተገረሙ። "ለምን? ሌሎቹ አንዱንም አልሰጡንም።" ይሄ መልስ እስካሁን አልወጣልኝም። የቀኙን ጫማዬንም አስወልቀው በነፃ ቀለም ቀቡልኝ። ለሶሉ 8 ዩሮ። አስር ሰጥቼ መልሱን ተወው ብላቸው ተቆጡ።

አደባባዩ ራሱ ዛሬ የመኪና ማቆሚያና የኳስ ሜዳ ነገር ነው። ማዛንዬሎ የሚሉት የ27 ዓመት ዓሣ ሻጭ ጁላይ 7 ቀን 1647 የፍራፍሬ ግብር በዛ ብሎ ሕዝቡን ያስነሳው እዚህ ነው። በሳምንት ውስጥ የከተማው ጌታ ሆነ፤ ያኔ ከተማውን የሚገዛው የስፔን እንደራሴ የብር ጨርቅ አለበሰው። ከዚያ አእምሮው ተናወጠ። በአስረኛው ቀን ካርሚኔ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ገደሉት፤ ጭንቅላቱን ቆርጠው ዞሩበት። በማግስቱ የዳቦው ሚዛን ቀነሰ። ሕዝቡም "ለካ አባታችን ነበር" ብሎ ሬሳውን ፈልጎ እንደ ንጉሥ ቀበረው። አንዲት ዳቦ ናት የለወጠችው። ሁለት ልጆች ኳሳቸውን ወደኔ መቱ፣ መልሼ ብመታ አዲሱ ሶል ያዘልኝ።

ቦሎኛን በባቡር መስኮት አለፍኩት። ኮሜዲያኑ ቤፔ ግሪሎ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2007 አደባባይ ሞልቶ ፖለቲከኞችን በሙሉ የሰደበበት ከተማ ነው። በ2018 የሱ ንቅናቄ ከሦስት መራጭ አንዱን ሊያገኝ ትንሽ ነው የቀረው። ወርጄ ላየው ነበር፣ ትኬቴ ግን መውረድ አይፈቅድም።

ሚላን እህቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። የምትጦራቸው ሲኞራ ዘጠና አልፈዋል። ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ እንደበራ ነው፣ የቤርሉስኮኒ ጣቢያ። በጃንዋሪ 1994 "ጣልያን የምወዳት አገር ናት" ብሎ ዘጠኝ ደቂቃ በካሴት ሲናገር በዚህ ሶፋ ላይ ሆነው እንዳዩት ነገሩኝ። "ቆንጆ ሹራብና ከረባት የለበሰ ሰው" ያሉ መስሎኝ ነበር፤ እህቴ ግን "ሲያወራ ፊቱን ወደኔ አድርጎ ነው ያለችህ" ብላ አረመችኝ። በየምርጫው ለሱ ሰጥተዋል። አሁን ለማን እንደሚሰጡ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ቀን ከቡና በኋላ (የኛ ቡና ነው፣ እህቴ አስለምዳቸዋለች) ሲኞራ መሳቢያ ከፍተው የሆነ ነገር መዳፌ ላይ አኖሩ። ጥቁር ግራጫ የብረት ቀለበት። ቀላል ነው፣ የቁልፍ መያዣ ቀለበት ይመስላል። ውስጡን ወደ መብራት አዙሬ አነበብኩት፦ "ወርቅ ለአገር፣ ኖቬምበር 18፣ ዓመት 14"። ማዕቀቡ የጀመረበት ቀን ነው፤ ዓመቱ የሚቆጠረው ከዱቼ ሥልጣን ነው። የእናታቸው ነው። ሦስት ዓመታቸው ነበር፣ እናታቸው ተሰልፋ ስትመለስ እያለቀሰች እንደሆነ ብቻ ያስታውሳሉ።

"ወርቁ የት ሄደ እያለች ነው የሞተችው" አሉ።

እህቴ ተረጎመችልኝ። ከዚያ ድምጿን ሳትቀይር፣ እያጠበች ካለችው ሲኒ ቀና ሳትል፣ በአማርኛ "መልስ እንዳትሰጥ፣ እንጀራዬ ነው" አለችኝ። ቀለበቱን ሳላደርገው መለስኩላቸው። ሲኞራ መሳቢያውን በክርናቸው ገፍተው ዘጉና ዜና ስለደረሰ ድምፁን ከፍ አደረጉት።