ተሳቢዬ ጅራቱን ማወዛወዝ ያቆመው እንዴት ነው

ድሬዳዋ ውስጥ ድንኳን፣ ወንበርና ጄኔሬተር አከራያለሁ። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ምርቃት፣ የተጠራንበት ሁሉ እንሄዳለን። ግማሹ ሥራዬ ሐረር ስለሆነ በሳምንት ሁለት ሦስቴ የደንገጎን ዳገት እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ዕቃውን የምጭነው ሃይሉክስ ፒካፕ ላይና እዚሁ ድሬ በተበየደች ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ነው። ይቺ ተሳቢ አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ጅራቷን ስታወዛውዝብኝ ኖራለች፣ አንድ ቀን ልትገለብጠን ምንም አልቀራትም፣ አሁን ግን ቀጥ ብላ ትከተለኛለች። በመሃል ብዙ ገንዘብ ያለ ቦታው አውጥቻለሁ። በፒካፕ ተሳቢ ሊጎትት ያሰበ ሰው ይህን አንብቦ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ያ ቀን እሑድ ነበር። ሐረር ሠርግ ጨርሰን ወደ ማታ እየተመለስን ነው። አወዳይን አልፈን ሐረማያ ሜዳው ላይ ደረስን፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ነፋሱ ደስ የሚል፣ እኔም ወደ 80 ረገጥኩ። ጫት የጫነ አይሱዙ ከኋላ መጥቶ ጥሩምባውን እየነፋ ቀደመኝ። ያን ጊዜ ወንበሬ ሥር የሆነ ነገር ወደ ግራ ሳብ አደረገኝ። በግራ መስታወት ተሳቢዋ ታየችኝ። ጠፋች። በቀኝ መስታወት ታየችኝ። እንደገና በግራ፣ እንደገና በቀኝ፣ በእያንዳንዱ ዙር እየሰፋች። መሪውን በተቃራኒ ላዞርባት ሞከርኩ፤ ባሰባት፣ ምክንያቱም እኔ ስመልስ እሷ ቀድማ ተመልሳለች፣ የእኔ መሪ የሚደርሰው እሷን ለማገዝ ነው። ደንግጬ ፍሬን ረገጥኩ። ከኋላ እንደ ኮርማ ገፋችኝና ፒካፑ ወደ ጎን ዞር ማለት ጀመረ። ረዳቴ "አቦ ያዘው! አቦ ያዘው!" እያለ ይጮኻል። ፍሬኑን ለቀቅኩት። ነዳጁንም ለቀቅኩት። መሪውን በሁለት እጄ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩና ዝም አልኩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተወዛወዘች፣ ከዚያ ፍጥነታችን ሲወርድ በራሷ ረጋች።

ዳር ይዘን ቆምን። ከ30 በላይ ወንበር አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። አህያ የሚነዱ አንድ ገበሬ ከልጃቸው ጋር ቆመው ለቀሙልን። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ገመድ ማሰር አልቻልኩም፤ እሳቸው ናቸው ያሰሩልኝ። ከፊታችን ደንገጎ ነበረ። ሐረማያ ላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናችሁ፣ ድሬ 1,200 አካባቢ ነው፣ ያንን ሁሉ በጥምዝምዝ መንገድ ትወርዱታላችሁ። እዚያ ላይ ጀምራን ቢሆን ኖሮ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

በማግስቱ ጋራዥ ገባሁ። አላይመንት አስደረግኩ። መካኒኩ ፒካፑ ኋላው ላልቷል አለኝና የኋላ ባሌስትራ፣ ማለት ሸክሙን የሚይዘውን ተደራራቢ ብረት፣ አስጨመርኩ። መኪናው ጠንከር አለ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ሐረር ስሄድ 60 ላይ መወዛወዝ ጀመረች። ድሮ 80 ላይ የምትጀምረው አሁን 60 ላይ! ብር ከፍዬ ነገሩን አባባስኩት ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ በጎረቤታችን በኩል ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጅቡቲን መስመር በከባድ መኪና ከነተሳቢው የነዱ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ነገርኳቸው። መኪናውን አላዩም፣ ጎማ አልመቱም። ተሳቢዋ እንደተጫነች ከፒካፑ እንድፈታት አደረጉና "አንገቷን አንሳት" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ፒካፑ ኋላ ካለው መጎተቻ ኳስ ጋር የምትያያዝበትን ብረት ያዝኩ። በአንድ እጄ ተነሳች። ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ የተጫነች ተሳቢ፣ አንገቷ በአንድ እጅ! ረዳቴ ከኋላ ጫፍ ላይ ሲወጣማ አንገቷ ከእጄ አምልጣ ወደ ሰማይ ሄደች።

"ጋሪ አታውቅም?" አሉኝ። "ጭነቱ ኋላ ከበዛ ፈረሱ ምን ይሆናል?"

"ወደ ላይ ይነሳል፣ ጋሼ።"

"ጋሪ ነጂው ያውቀዋል። ጭነቱ ፈረሱ ጀርባ ላይ ትንሽ መጫን አለበት። ያንተ ፈረስ ፒካፑ ነው፤ ምንም የሚጫነው ነገር የለም። ታዲያ ማን ይያዛት?"

ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። እኔ ጄኔሬተሩን የምጭነው መጨረሻ ላይ፣ በር በሩ ጋ ነበር። 400 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ቶሎ ለማውረድ እንዲመቸን ብለን ነው። የድንኳኑ ብረቶችም በኋላ በኩል ወጣ ብለው ነው የሚጫኑት። ክብደቱ ከጎማዎቹ ኋላ ሲሆን ተሳቢ እንደ ፔንዱለም ነው፤ ነፋስ ወይም የሚቀድም መኪና አንዴ ከነካት ራሷን ትገፋለች። ክብደቱ ከጎማዎቹ ፊት ሲሆን ግን አንገቷ ኳሱን ተጭኖ ይይዛታል፣ ብትነካም ትመለሳለች። የባሌስትራው ነገርም ያኔ ተገለጠልኝ፦ ባሌስትራ ሲጨመር የፒካፑ ኋላ ከፍ አለ፣ ኳሱም አብሮ ከፍ አለ፣ ተሳቢዋ አፍንጫዋን ቀና አደረገች፣ ክብደቷ ይበልጥ ወደ ኋላ ሄደ።

ምን ያህል ይጫን ለሚለው የሚሠራበት ልክ እንዲህ ነው፦ እንደኔ ዓይነት ተሳቢ ላይ አንገቱ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሸከም አለበት። ጠቅላላውን ለማወቅ ምድር ሚዛን ላይ አወጣኋት፤ ከነጭነቷ 1,150 ኪሎ። ስለዚህ አንገቷ ላይ ከ115 እስከ 170 ኪሎ ገደማ እፈልጋለሁ።

አንገቷን ለመመዘን ከዚራ ሰፈር ሄድኩ። ዛፎቹ ጥላ ሥር የሰው ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል? አንዱን የግማሽ ቀን ገቢውን ከፍዬው ከነሚዛኑ ይዤው መጣሁ። ልጁ ተሳቢዋን ሲያይ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ይሰበራል!" ብሎ ሚዛኑን አቀፈው። ከተሰበረ አዲስ እንደምገዛለት ማልኩለት። ሚዛኑ ላይ ግንድ አቆምን፣ አንገቷ ከኳሱ ጋር በምትያያዝበት ከፍታ ልክ። ልጁ ተንበርክኮ አነበበ፦ "28!" እኔ ቢያንስ 115 እፈልጋለሁ፣ ያለኝ 28 ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በ28 ኪሎ ነው ደንገጎን የወረድኩት።

ጄኔሬተሩን ለስድስት ገፍተን 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት አመጣነው፣ ከጎማዎቹ መስመር ትንሽ አለፍ አድርገን። ልጁ ለሚዛኑ ስለሰጋ በጣውላ መዘንን። ዘዴው ቀላል ነው። ጠንካራ ጣውላ አንዱ ጫፉ ድንጋይ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ሚዛኑ ላይ፣ በመካከላቸው 150 ሳንቲ ሜትር። አንገቷ ከድንጋዩ በ50 ሳንቲ ሜትር ላይ ታርፋለች። ሚዛኑ ላይ የሚደርሰው ሲሶው ብቻ ነው፤ የተነበበውን በሦስት ታባዛላችሁ። ጣውላው ራሱ የሚመዝነውን መጀመሪያ መቀነስ አትርሱ። 49 አነበበ። 147 ኪሎ። ልጁ ሚዛኑ ስላልተሰበረ ከእኔ በላይ ተደሰተ።

በማግስቱ በዚያው ጭነት ሐረር ሄድኩ። መሪው ላይ ሌላ መኪና የያዝኩ መሰለኝ። ሆኖም ገና አልጨረስኩም ነበር።

ኳሱ የሚታሰርበትን ብረት በ8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አስደረግኩ፤ አሁን ተሳቢዋ ስትቆም ወለሏ ልክ ነው፣ እንዲያውም ወደ ፊት ትንሽ ደፋ ትላለች። የተሳቢዋን ጎማ ክሪክ ላይ አንስቼ ላይና ታች ይዤ ስነቀንቀው ቀጭ ቀጭ አለ፤ ኩሽኔታው አልቋል፣ ተቀየረ። ኳሱም ተበልቶ ስለነበር አንገቷ ውስጥ ይጫወት ነበር፣ እሱም ተቀየረ። እነዚህ ትንንሽ ናቸው፣ ግን እያንዳንዱ ክፍተት መወዛወዙ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

ጎማ ላይ ግን ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ድሬ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በቀትር ሙቀት ነድታችሁ ጎሚስታ ጋ ስትደርሱ ጎማው ከልኩ በላይ ነፋስ ያለው ይመስላል፤ ሞቆ ነው። አስቀንሱት ትባላላችሁ፣ ታስቀንሳላችሁ፣ ማታ ሐረማያ ብርድ ላይ ስትደርሱ የላላ ጎማ ይዛችኋል። የላላ ጎማ ጎኑ ይለመጣል፣ ተሳቢ የምትወዛወዘውም በዚያ ነው። እኔ የምለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። የተሳቢዋን ብቻ ሳይሆን የፒካፑን የኋላ ጎማዎችም ጭምር፤ ሸክሙን የሚይዙት እነሱ ናቸውና።

ክብደት ወደ ፊት ይሁን ስል ግን ሁሉንም አንገት ላይ ጫኑ ማለቴ አይደለም። አንዴ ረዳቴ ሊያስደስተኝ ብሎ ጄኔሬተሩን እስከ ጥግ ገፍቶ፣ ድስቶቹን ደግሞ ፒካፑ ላይ ቆልሎ ጠበቀኝ። የፊት መብራቱ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ መሪው ቀለለ። መሪ ሲቀል ያስፈራል፣ ምክንያቱም የፊት ጎማዎች መሬቱን በደንብ አልያዙም ማለት ነው። ፒካፑ ኳሱ ላይ ምን ያህል እንደሚችል መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ፒካፑ ላይ የተጫነውም ዕቃ ተደምሮ ይቆጠራል።

የውሃ ሮቶ የምታመላልሱ ደግሞ ግማሽ አትሙሉት። ወይ ሙሉ፣ ወይ ባዶ። ግማሽ ሲሆን ውሃው ወዲያና ወዲህ ይላጋል። ይህን ለቅሶ ቤት ውሃ ሳደርስ በደንብ አይቼዋለሁ።

ፍጥነት ላይ የማልደራደርበት ወሰን አለኝ፤ ተሳቢ ይዤ ከ60 አላልፍም፣ ሜዳም ቢሆን። ማንም ጥሩምባ ቢነፋ ዳር ይዤ አሳልፈዋለሁ። ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ እቀንሳለሁ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘኝ፤ ተሳቢዋ ፍሬን የላትም፣ በፍሬን ብቻ ከወረድኩ የእኔ ይግላል፣ እሷም ትገፋኛለች። መወዛወዝ ከጀመረች እግሬን ከነዳጅ አነሳለሁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ እይዛለሁ፣ ፍሬን በድንገት አልረግጥም። ነዳጅ ሰጥተህ ጎትተህ አቅናት የሚሉ አሉ፤ ያችን ማታ ያየ ሰው ፍጥነት አይጨምርም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የመልስ ጭነት ነው። ስንሄድ ጠዋት ነው፣ ረጋ ብለን እንጭናለን። ስንመለስ ሌሊት ነው፣ ሁሉም ደክሞታል፣ የሠርግ ቤት ልጆች ሊያግዙን ብለው ያገኙትን እየወረወሩ ይጭናሉ። ስለዚህ የተሳቢዋ ወለል ላይ የጄኔሬተሩን አራት እግሮች ቦታ በቀይ ቀለም ቀባሁ። ብረቶቹ የት ድረስ እንደሚደርሱም መስመር አለው። ጨለማ ውስጥ በስልክ መብራት ይታያል፣ ማንም ቢጭን እዚያው ነው የሚያርፈው።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ሐረማያ ሜዳ ላይ ሌላ አይሱዙ ቀደመን። ረዳቴ የበሩን እጀታ ያዘ። እኔም መስታወቱን አየሁ። አንዴ ነቅነቅ አለች፣ ወዲያው ተመለሰች። ረዳቴ እጀታውን የለቀቀው አዴሌ ስንደርስ ነው። አሁን ብር እያጠራቀምኩ ያለሁት ለተሳቢዋ የራሷን ፍሬን ለማስገጠም ነው።